በሰከንድ አምስት ጊዜ

የበደለኝ ወንድሜ ነው። የእናታችን የሰማንያ ቀን ተዝካር በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአጥቢያችን ደጀ ሰላም፣ በአምስት ሽማግሌዎች ፊት በደለኝ። ስድስት ዓመት አልፎታል። ስሙን አልጽፍም። ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የማያውቅም ባያውቀው የሚቀርበት ነገር የለም።

በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባታችን የዜማ መምህር ነበር፤ ሲሞት ወንበሩን ወንድሜ ወረሰና «የኔታ» ተባለ። እኔ ሴት ስለሆንኩ አስኳላ ገባሁ፤ አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን፣ ኋላም እዚሁ ከተማ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ዜማውን ግን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። አባቴ በግቢያችን ወይራ ሥር ሲያስተምር እኔ ከጓሮ ልብስ እያጠብኩ እሰማ ነበር። ተማሪ ሲስት አባቴ ከመቆጣቱ በፊት አውቀው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሴት ልጅ ወንድ ስታርም ማን ይወዳል?

እናቴን አሥራ አንድ ዓመት አስታመምኳት። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርጭቆዋን ከግማሽ በላይ አልሞላም። ራሷም ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይል ነበር፤ የሚያርፈው ስትተኛ ብቻ ነው። የማያውቃት እንግዳ ለነገሩ ሁሉ «እሺ፣ እሺ» የምትለው ይመስለው ነበር። እኛ እርጅና ነው እያልን ተውነው። ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት ገላዋን እያጠብኳት፣ «ቤቱ ያንቺ ነው፤ ካንቺ ሌላ ማን አጠበኝ?» አለችኝ። እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ወንድሜ ደግሞ ከቀብር በኋላ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «ቤቱን ለእኔ ተይልኝ ብዬ ብጠይቃት ራሷን ነቅንቃ እሺ ብላኛለች» አለ።

ውሸቱን አልነበረም። ጠይቋታል፤ ነቅንቃለች። ለድመቷም ትነቀንቅ ነበር።

ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ። አልሰሙኝም፤ «ሁለታችሁም ማሉ» አሉ። በኛ አጥቢያ ልማድ መሐላ ሦስት ጊዜ ነው። ቆመህ፣ እጅህን በደጀ ሰላሙ በር ላይ አድርገህ፣ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ሳትቆርጥ ትላለህ፤ ማዶ አጥሩ ሥር ያለ ሰው መስማት አለበት። ወንድሜ ቀድሞ ማለ። የለመደ ጉሮሮ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ድምፁ ሳይዛነፍ አንድ ዓይነት ወጣ። ተራው የኔ ሆነ። «እናቴ ቤቱ ያንቺ ነው ስትለኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ብናገር ይህ ደጅ አይቀበለኝ።» ገና «እናቴ» ከማለቴ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ባሰ። ሦስተኛው ላይ ልጄ አጎንብሳ መሬት መሬት አየች። አልፈራሁም። ተቆጥቼ ነበር። ድምፄ ግን የኔ አልሆን አለ።

ወንድሜ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ሽማግሌዎቹ ያልፉት ነበር። ዝም አላለም። ወደ እነሱ ዞሮ ነጠላውን አስተካከለና፣

«አባቶቼ፣ ሰማችሁ? እኔ ድምፅ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። እውነት የያዘ ድምፅ አይንቀጠቀጥም» አለ።

የሽማግሌዎቹ አለቃም፣ «ስለ ድምፅ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ድምፅሽ መስክሮብሻል፣ ልጄ» አለኝ።

ቤቱ ሄደ። ቤት ይሄዳል። የማያልፈው ሌላው ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሰፈሩ ሁለት ሴቶች ቢጣሉ «እስቲ እትዬን ጠይቁ» ይባል ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚጠቃቀስ ሰው አለ። በጽዋ ማኅበራችን ጠላው ቀጠነ ብዬ ብናገር አንዷ፣ «እስቲ ሦስት ጊዜ በዪው!» አለች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቃሉ ለመደላቸው። ገበያ ላይ ሳይቀር ሰማሁት። አዘዞ ልጄ ዘንድ ገባሁ፤ ማኅበሩንም ተውኩ። ከዚያ ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃሌ እውነት እንደነበረ በዚያው ደጅ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እንዲነገር።

ድምፄ እየባሰበት ሄደ። ስልክ ሳነሣ ሰዎች «ምነው፣ እያለቀሱ ነው?» ይሉኛል። አራት ዓመት እንደዚህ ቆየሁ። ልጄ በመጨረሻ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በካሜራ አይቶ ቁስልም እባጭም የለም አለና ድምፅ ወደምትለካ ባለሙያ ላከኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል። በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ በአንዴ ጠፋ፤ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ባለሙያዋ የልጄ እኩያ ናት። ትንሽ ማይክሮፎን በጆሮዬ ላይ አንጠልጥላ ከአፌ ጥግ ስንት ጣት እንደሚርቅ ለካች።

«እማማ፣ በሚመችዎት ድምፅ ‹አ› ይበሉ። ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ይያዙት። ማሳመር አያስፈልግም።»

«ማሳመር የሚያውቀው ሌላ ነው» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ነው የምንቀዳው።»

ሦስት ስትል ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ተቀመጥኩ። ‹አ› አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩ። ቀጥሎ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስነበበችኝ፤ በሹክሹክታም አስደገመችኝ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ሁለት መስመሮች አየሁ። የላይኛው የድምፄ ቅጥነትና ውፍረት ነው አለችኝ፤ የታችኛው ጉልበቱ። ድምፁ ጤነኛ ቢሆን ሁለቱም እንደተወጠረ ክር ነው የሚሄዱት። የኔዎቹ የመጋዝ ጥርስ ነበሩ፤ ጥርሱ ሁሉ እኩል፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። ለካስ ያን አራት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር በልክ ሲቆርጥ ኖሯል።

«በአንድ ሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል» አለች በጣቷ እየቆጠረች። «በሦስቱም ቅጂ ያው ነው።»

«ፍርሃት ነው?»

«ፍርሃትም ያንቀጠቅጣል። ግን ሁሌም እንዲህ ተስተካክሎ አይመላለስም። ይሄ ከነርቭ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ይመስላል፤ በርግጠኝነት የሚነግርዎት ሐኪሙ ነው።»

«ውሸትስ?»

ሳቀች። «እሱን መሣሪያው አያውቅም፣ እማማ። ቢያውቅማ ባሌን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እሷ ቅጽ አወጣች። በቤተሰብ እጁ ወይም ራሱ የሚንቀጠቀጥ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «እናቴ። እጇ። ራሷም ይነቀነቅ ነበር» አልኩና ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንዳልኩ ገባኝ። የእናቴ «እሺ» እና የኔ ድምፅ አንድ በሽታ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ በአንዱ ለወንድሜ ፈረዱለት፤ በሌላው በኔ ላይ ፈረዱብኝ።

«ወንድም፣ እኅት?»

«አንድ ወንድም።»

«ድምፃቸው እንዴት ነው?»

«ሸጋ ነው።»

ጻፈች። «ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል፤ ሁሉም ላይ ግን አይወጣም። ምልክት ካዩባቸው ይዘዋቸው ይምጡ። ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒቱ ጥሩ ይረዳዋል፤ ሳይብስ ሲጀመር ይሻላል» አለች። የመጋዙ ጥርስ ያለበትን ወረቀት አትማ ሰጠችኝ። ሐኪሙም አይቶ ያንኑ አረጋገጠና መድኃኒት ጀመረልኝ። መንቀጥቀጡን አላጠፋልኝም፤ ቀነሰው።

ወረቀቱን ይዤ የሽማግሌዎቹን አለቃ ፍለጋ ሄድኩ። አርጅቶ መካነ ብርሃን ልጁ ዘንድ ገብቷል ተብሎ ነበር። መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ደባርቅ ላይ ማኪና ቀይሬ ደረስኩ። ቤቱ በር ላይ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል፤ አይኑ ጠፍቷል።

«አያ፣ እንደምን ነዎት?» ስል በድምፄ አወቀኝ።

«ያቺ የመምህሩ ልጅ ነሽ። ምነው፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ?»

«የድምፄን ልክ አምጥቼልዎት ነው።»

«ድምፅ ደግሞ ልክ አለው?»

አነበብኩለት። ሳነብም ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ሰማኝ።

«አሁንም ያው ነው» አለ።

«ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነው፣ አያ። በሽታ ነው ይላል።»

«ያኔ የማልሽው እውነት ነበራ?»

«እውነት ነበር።»

«ሸጋ» አለ። «እኔ አምኜሻለሁ። ምን ያደርግልሻል? አራቱ አፈር ገብተዋል፤ እኔም የቀረሁት ለመሄድ ነው። የፈረድነው በወንድምሽ ጆሮ ነው። ጆሮዬ ስቶ ነበር ብሎ እሱ ራሱ በዚያ ደጅ ይናገር። ሌላ መፍቻ የለውም።»

ስመለስ ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ከዚያ ወንድሜ ጋ ሄድኩ፤ ወደ እናቴ ቤት ማለት ነው። ተማሪዎቹ በወይራው ሥር ክብ ሠርተው ያዜማሉ። አጥሩ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ።

በዜማ ምልክቶች መካከል ርክርክ የሚባል አለ። ተከታትለው የሚጻፉ ነጠብጣቦች ናቸው። እነሱ ባሉበት ድምፅ ይርገበገባል፤ በሌሉበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እነዚያ ልጆች በሌለበት ያርገበግቡ ነበር። አንዱ አይደለም የሚስተው፤ ሁሉም፣ ባንድነት፣ ቃሉ ረዘም ባለበት ቦታ ሁሉ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ዘንጉን ይወረውር ነበር። የዜማ ተማሪ የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው፤ የኔታ ቢያስል ሳሉንም ይቀጽላል፣ ማለት ተቀብሎ ይደግማል፣ እየተባለ ይቀለዳል። አንድ ረጅም ቃል እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁ። ገባኝ።

ወንድሜ በተማሪዎቹ መካከል እንደተቀመጠ ወረቀቱን ሰጠሁት። ወረቀቱ በእጁ ውስጥ ተርገፈገፈ፤ ነፋስ አልነበረም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የድምፄ ልክ ነው። ስምል ድምፄ የተንቀጠቀጠው በበሽታ መሆኑን ሐኪም ጽፎታል። ከዚያ ደጅ ቆመህ ስቻለሁ በል፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ቤቱንም አልጠይቅህም።»

«እንግዲህ ማሽን ዜማ ሊያስተምረኝ ነው?» አለና ወደ ልጆቹ አየ። «ብያለሁ። እውነት የያዘ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። ቃሌ ቃል ነው።»

«ቃሌ» ሲል ተንቀጠቀጠ። እሱ አልሰማውም። ሰው የራሱን ድምፅ የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

ልነግረው ነበር። ይህን እውነት እንደሆነ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የፈለገ ይመን። ወንድሜ፣ አንተም ላይ ወጥቷል፣ መድኃኒት አለው፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ። «ስማኝ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

«እስቲ ሦስት ጊዜ በዪው» አለኝ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ወረቀቴን ከእጁ ወሰድኩና ወጣሁ።

የአጥቢያችን በዓል ሲደርስ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ማኅሌቱን በስልኳ ቀድታ መጣች፤ የአጎቷን ድምፅ ትወዳለች። ቅጂውን ወደ ስልኬ አስላክሁና ለቀጠሮዬ ስሄድ ለባለሙያዋ አሰማኋት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከበሮም ጸናጽልም አለበት፣ በስልክ የተቀዳን አላምነውም አለች፤ ግን አንድ ቦታ፣ ከበሮው ባረፈበት፣ ብቻውን የያዘውን ረጅም ድምፅ ቆርጣ አየችው። ከመስመሩ ላይ አይኗን አላነሣችም።

«አምስት። አንዳንድ ቦታ ከአምስት ትንሽ ያንሳል። ማን ናቸው?»

«ሰው ነው።»

«ያምጧቸው፣ እማማ። በድምፃቸው የሚተዳደሩ ከሆነ ባይቆዩ ነው የሚሻለው።»

«የማውቀው ሰው አይደለም» አልኳት።

በዚያው ክረምት ከወንድሜ ተማሪዎች ትልቁ፣ የወገራ ልጅ፣ ሊመሰክር ሄደ፤ ማለት ትምህርቱን ጨርሻለሁ ብሎ በታላላቆቹ መምህራን ፊት ሊፈተን። ገና ግማሽ ገጽ ሳያዜም አስቆሙት አሉ። «ምልክት በሌለበት ታርገበግባለህ። ከማን ነው የቀጸልከው?» አሉት። መለሱት። ሁለተኛው ሄደ፤ እሱም ተመለሰ። ሦስተኛው አልሄደም፤ የተማሪ ልብሱን ዳባውን ጠቅልሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ወጣ። ወይራው ሥር ክቡ እየጠበበ መጣ።

ያኔ ሰዎች ነገሩን አስታወሱት። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ አላስፈለገም። እውነት የያዘ ድምፅ አይንቀጠቀጥም ያለው ራሱ ነው፣ በደጁ፣ ሁሉ እየሰማ። «የእኅቱን ቤት በሐሰት ምሎ በልቶ ነው» ተባለ። ያቺ ሦስት ጊዜ በዪው ያለችኝ ሴት አዘዞ ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ እግዜር ፈረደልሽ!» እያለች ጉልበቴን ልትስም ተንበረከከች። ማኅበሩም «ተመለሺልን» ብሎ ላከብኝ።

ከዚያ የወንድሜ ሚስት መጣች። ከስታለች። ቁጭ ብላ ነጠላዋን በጣቷ ትፈትላለች።

«እትዬ፣ እህል አልቀምስ ብሏል። በየማለዳው ጠበል ይወርዳል። እናቴ ራሷን ስትነቀንቅ ያየሁት መስሎኝ ነው፣ አላየሁም፣ ሰይጣን ነው ያሳየኝ፣ በሐሰት ነው የማልኩት ይላል።»

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«እሱ ነው። ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ነው የሚያወራ።» ቀና አለች። «እርስዎ ሆስፒታል ሄደው ነበር አሉ። ለድምፅዎ። ምን አሉዎት? ለሱም የሚሆን ነገር ይኖር ይሆን?»

የመድኃኒቴ ዕቃ ከኋላዬ መስኮቱ ላይ ነበር። አየችው፣ አላየችው እንጃ።

«ለእርጅና ምን ይሉኛል?» አልኳት።

ራሷን ደፋች። ከጉያዋ የእናቴን ቤት ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይቅር በሉት። የፊታችን እሑድ በደጁ ቆሞ ይናገራል።»

እሑድ ሄድኩ። ብዙ ሰው ነበር። ወንድሜ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። እናቱ እንዳልነቀነቀችለት፣ በሐሰት እንደማለ፣ እኅቱ እውነተኛ እንደነበረች ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ እያለቀሰ «እግዚኦ» አለ። ያልዋሸውን ውሸት እየተናዘዘ መሆኑን እዚያ ከነበርነው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይቅር ብያለሁ አልኩ። በመድኃኒቱ ምክንያት ድምፄ ያን ቀን ደህና ነበር።

ወንበሩን ለቀቀ። አሁን ማክሰኝት የሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ነው፤ ሰው ሲያናግረው በእጁ ነው የሚመልሰው ይላሉ። እኔ እናቴ ቤት ገብቻለሁ። ልጄ ከአዘዞ ስትደውል የምትነግረኝን ትቼ ድምፅዋን አዳምጣለሁ። እስካሁን ቀጥ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት «ሄሎ» ስትል አንድ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ደግማ እንድትለው አደረግኋት።

ባለፈው ወር ቀጠሮዬ ነበር። ባለሙያዋ ቅጹን አወጣች፤ «ወንድምዎስ እንዴት ናቸው? ድምፃቸው ደህና ነው?» አለችኝ።

«ወንድም የለኝም» አልኳት። «ሰርዢው።»

ሰረዘችው።